ሽንፍላ በሮክቪል፦ ከፍለው እስኪጠግቡ የሚበሉበት የቻይና ሆት ፖት ቤት

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ አስጎበኘናት፤ አንዱን "ቅቤው አልተነጠረም"፣ ሌላውን "በርበሬው ቀለም ብቻ ነው" እያለች ሁሉንም ጣለቻቸው። በመጨረሻ ወንድሜ "ከራሷ ወጥ ጋር ልታወዳድረው የማትችለው ቦታ እንውሰዳት" አለና ሮክቪል ፓይክ ላይ ወዳለ የቻይና ሆት ፖት ቤት ሄድን። በነፍስ ወከፍ ተከፍሎ የፈለጉትን ያህል የሚበላበት ዓይነት ነው። በዓለ ሃምሳ ስለነበር የጾም ሰበብ አልነበራትም። የቤቱን ስም ልተወው፤ የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ በዚሁ አሠራር የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

ለማያውቀው፦ ጠረጴዛው መሀል ምድጃ ተቀብሯል። ሾርባ የሞላ ድስት ይጣድበታል፣ ጥሬ ሥጋና ቅጠላ ቅጠል በሳህን በሳህን ይመጣል፣ እየነከራችሁ የምታበስሉት እናንተው ናችሁ። ቻይኖቹ "ሁዎጉዎ" ይሉታል፤ የእሳት ድስት እንደማለት ነው። መኪና ውስጥ ይህን ስነግራት እማዬ "ታዲያ እነሱ ምን ሊሠሩ ነው?" አለችኝ። ወጥተን ስንሄድ መልሱን ራሷ ሰጠችው፤ "ሰዓት ይጠብቃሉ።"

እውነቷን ነው። ገና ወንበር ከመሳባችን አስተናጋጇ ትንሽ ወረቀት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጠፈች፤ 6፡35 – 8፡05 ይላል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችና "ከቀትር ጀምሮ ተይዞልን ነው እንዴ?" አለች። አሜሪካ ስትገባ ሰዓቷን አዙራለች፣ አቆጣጠሯን ግን አላዞረችም፤ ለእሷ ከምሽቱ 12፡35 ነው። ለአንድ ማዕድ 90 ደቂቃ እንደተሰጠን ሳስረዳት መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት።

ዋጋውና ሕጉ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ ለአዋቂ 31.99 ዶላር፣ ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 16.99፣ ድስቱ ከነሾርባው ለብቻው 9.99። አምስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከመጣችሁ 18 በመቶ ጉርሻ ሳትጠየቁ ሒሳቡ ላይ ይደመራል። ከታች ደግሞ በቀይ፦ የተረፈ ምግብ ይመዘናል፣ ለእያንዳንዱ ፓውንድ 15 ዶላር ይከፈላል። ይቺን መስመር ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ድስቱን ለሁለት የተከፈለውን ያዙ። መሀሉ ላይ እንደ እባብ የተጣመመ ግድግዳ አለው፤ ቻይኖቹ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚሥሏቸው ዳክዬዎች ስም ይጠሩታል። በአንዱ በኩል የሚያቃጥለው የሲቹዋን (የቻይና ክፍለ ሀገር ናት) ሾርባ፣ በሌላው የእንጉዳይ። እዚህ ላይ ለሐበሻ አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ወተት የመሰለው ነጭ የአጥንት ሾርባ ከአሳማ አጥንት የተቀቀለ መሆኑን አስተናጋጇ ስጠይቃት ነው የነገረችኝ፤ ዝርዝሩ ላይ "የአጥንት ሾርባ" ብቻ ነው የሚለው። ሥጋ የሚታዘዘው በስም ስለሆነ የአሳማውን መተው ቀላል ነው፣ ሾርባው ነው የሚያሳስተው። ለጾመኛ የእንጉዳዩ ሾርባ ከቶፉና (ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ እንደ አይብ የረጋ ነገር ነው) ከአትክልቱ ጋር ይበቃል፤ ግን በዚያው ድስት ማዶ ሥጋ የሚቀቅል ሰው ካለ ጭልፋው ሲዘዋወር አትችሉትም፤ ለብቻ ድስት የሚሰጡበት ቤት ፈልጉ። ሐላል ለምትበሉም እዚህ ቤት የሚሆን ሥጋ የለም።

የሚያቃጥለው ሾርባ መሠረቱ የከብት ሞራ ነው። ሲመጣ ገና እንደረጋ ቀይ ጡብ ሾርባው መሀል ተቀምጧል፤ ሲሞቅ እየተናደ ይቀልጥና ደረቅ ቃሪያው፣ ዝንጅብሉና የተብላላው የባቄላ ድልህ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እማዬ ገና ሽታው ሲነሳ "ይሄ ሞራ ነው" አለች፣ ማንም ሳይነግራት። ማቃጠሉን አላከበረችውም፤ የእሷ አዋዜ ከዚያ ይብሳል። ያልጠበቀችው ሌላውን ነው። ሾርባው ውስጥ ቡናማ፣ አፋቸውን የከፈቱ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ፤ የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ይባላሉ እንጂ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ወገናቸው ከሎሚና ከብርቱካን ነው። አያቃጥሉም፣ ያደነዝዛሉ። ምላስ ላይ የሚነዝር ነገር ይለቃሉ፣ ከዚያ ከንፈር የሌላ ሰው ይሆናል። እማዬ ከንፈሯን በጣቷ እየነካካች "ጥርስ ሐኪም ቤት ነው እንዴ ያመጣችሁኝ?" አለች። ይህ ፍሬ ከ1968 እስከ 2005 ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ታግዶ ነበር፤ ምክንያቱ ማደንዘዙ ሳይሆን የብርቱካን ዛፍ የሚያጠቃ በሽታ ይዞ ይገባል ተብሎ ነው።

አሁን ወቀሳው። የ90 ደቂቃው ቆጠራ የሚጀምረው ስትቀመጡ ነው። ድስቱ የመጣው 6፡43 ነው፣ ሾርባው የፈላው ከሩብ ሰዓት በኋላ። የመጀመሪያዋ የሥጋ ሳህን ጠረጴዛችን ላይ ስታርፍ ወንድሜ ስልኩን አየና "7፡01" አለ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ባዶ ሾርባ ስናይ አለፈ ማለት ነው። ያውም ስትመጣ ምን ይዛ መጣች? በመላጫ የተላጨ የሚመስል፣ ከበረዶው ገና ያልተላቀቀ፣ ተጠቅልሎ የቆመ ቀይ ሥጋ፤ ቆጠርኩት፣ ስምንት ጥቅል ነው። ቁርጥ ለለመደ ሰው ይህ የአንድ ጉርሻ ልምምድ ነው። መቅጠኑን አልነቅፍም፤ የከብቱም የበጉም ሥጋ መቅጠን አለበት፣ ነክራችሁ ቀለሙ እንደተለወጠ የሚወጣው ስለቀጠነ ነው። የምነቅፈው ሌላ ነው፦ ሩዙ፣ የዓሣ ኳሱና ወፍራሙ ኑድል ሳንጠራቸው ይፈጥናሉ፣ ሥጋው ግን ሦስት ጊዜ ካልታዘዘ አይመጣም። ከፍሎ እስኪጠግብ የሚበላበት ቤት ሁሉ ይህን ጥበብ ያውቃል፤ ሆድን በርካሹ ቶሎ መሙላት።

ስለዚህ ብልሃቱ ይኸውና፦ እንደተቀመጣችሁ፣ ሾርባ ሳትመርጡ፣ ሁለት ሁለት ሳህን ሥጋ እዘዙ። ሾርባው እስኪፈላ ሥጋው ይደርሳል።

የሄድንበትን ዋጋ ያወጣልን ግን ሽንፍላው ነው። ዝርዝሩ ላይ "የከብት ጨጓራ" ብለው ስለጻፉት ሊያመልጠኝ ነበር፤ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሳየው ነው ያወቅሁት። ያው እኛ ሽንፍላ የምንለው ነው፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበው፣ ገጹ ሁሉ ጥቃቅን ጉጥ ያለበት። ይህ ምግብ በቾንግቺንግ ከተማ፣ በያንግዜ ወንዝ ዳር ከሚሠሩ ጀልባ ቀዛፊዎችና ተሸካሚዎች መጣ ይባላል፤ ሥጋው ለባለጸጋ ሄዶ የሆድ ዕቃው ሲረክስ በቃሪያና በሞራ እየነከሩ ይበሉት ነበር። ዱለት በሚበላበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

እማዬ ግን ሳህኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሽንፍላው ጥቁር ነው። "አልታጠበም" አለች፣ ፍርዱን እንደጨረሰ ዳኛ። አስተናጋጇን ጠርቼ ጠየቅሁላት። ልጅቱ ሳቀችና ጥቁሩ የተፈጥሮ ቀለሙ እንደሆነ፣ ነጩ ላይ ያለው ቆዳ እንደተፋቀለት፣ የእነሱ ሰው ጥቁሩን እንደሚመርጥ ነገረችን። ተረጎምኩላት። "ይበሉት እነሱ" አለች።

አበሳሰሉን ከጎረቤት ተማርን። አንዷን ገጽ በቾፕስቲክ ጫፏን ይዛችሁ ቀዩ ሾርባ ውስጥ ታጠልቃላችሁ፣ ትስባላችሁ፣ ታጠልቃላችሁ። "ሰባት ወደ ላይ፣ ስምንት ወደ ታች" ይሉታል፤ በጠቅላላው አሥራ አምስት ሰከንድ ገደማ ነው። ቾፕስቲኩን ከለቀቃችሁ አለቀ፤ ድስቱ ሥር ሄዶ የጫማ ሶል ይሆናል። እኔ እየቆጠርኩ ሳነሳ ሳወርድ በስምንተኛው ላይ ጠርዙ መጠቅለል ጀመረ፣ ጉጦቹ ቆሙ፣ በየጉጡ መሀል ቀዩ ዘይት ገባ። አውጥቼ ነጭ ሽንኩርት የተከተከተበት የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ጥርስ ስር ይንኮሻኮሻል፤ እንደ ጥሬ ካሮት አይደለም፣ እንደ ላስቲክም አይደለም፣ ልክ ዱለት ላይ ሳይበዛ የበሰለው ክፍል። ሁለተኛውን ሠርቼ ለእማዬ አጎረስኳት። አላኘከችውም እንዳትል አኘከችው፤ ዝም ብላ። ከዚያ "ቁጠርልኝ እስቲ" ብላ ቾፕስቲኩን ትታ በሹካዋ ጀመረች። አራት ሳህን አስመጣን።

ከሌላው የወደድኩት በረዶ ውስጥ የቆየው ቶፉ ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ሲሟሟ ቀዳዳ ቀዳዳ ትቶለት ይሄዳል፤ ዓይኑ እንደወጣለት እንጀራ ሾርባውን ይጠጣል። ተጠንቀቁ፣ የጠጣውን ሁሉ ሲነከስ ይተፋዋል፤ ባለቤቴ አገጯን አቃጥላለች። የሎተስ ሥሩ፣ የቻይና ጎመኑና ቀጫጭኑ እንጉዳይ ንጹሕ ነበሩ። ሽሪምፑን ማንም አልነካውም፣ እማዬ ዓይኑን አይታ አስወሰደችው። የክራብ ነው የተባለው ዘንግ ክራብ አይቶ አያውቅም። የድርጭት እንቁላሉ ደህና ነው።

ማጥቀሻው በራስ የሚቀመምበት ጥግ ላይ እማዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የድንብላል ቅጠል፣ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ትንሽ ኮምጣጤ፤ በማንኪያ ጀርባ ስትደፈጥጠው ቆይታ ይዛ የመጣችው ዳጣ ነበር። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አስቀዳ። የሰሊጥ ቅቤውን ለመተው ያመነታችሁ እንደሆነ ግን አትተዉት፣ ከበጉ ሥጋ ጋር እሱ ይሻላል።

ሰዓቱ 7፡50 ሲል ችግር መጣ። የወንድሜ ልጅ አቡሽ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ማዘዣውን ስክሪን ይዞ ሳናየው ሦስት ሳህን የዓሣ ኳስ አዟል። ሦስቱም መጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ኑድልና ሩዝ ተቀምጧል። ያቺ ቀይ መስመር ትዝ አለችን። ከዚያ በኋላ ያለው መብላት አልነበረም። ወንድሜ ሁለት ሁለት ይውጣል፣ ባለቤቴ ውሃ ታቀብላለች፣ አቡሽ "ጠገብኩ" ሲል እማዬ "በሞቴ" ትላለች። "በሞቴ" ድሮ የፍቅር ነበረች፤ ያን ማታ ከ15 ዶላር መሸሻ ሆነች። ከጎናችን አንዲት አረጋዊት ቻይናዊት የልጅ ልጃቸው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሥጋ እየደረደሩ፣ ልጁ እጁን ሳህኑ ላይ ጋርዶ እምቢ ይላል። እማዬ አየቻቸውና ሴትዮዋም አዩአት፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኛው ዓይነት ማዕድ ነው እኮ፣ አንድ ድስት ዙሪያ፣ ብላ እየተባለ። ሚዛኑንና ሰዓቱን ያመጣው ቤቱ ነው።

ሦስት የዓሣ ኳስ ተርፎ ነበር። አስተናጋጇ አይታ እንዳላየች ሳህኑን አነሳች፤ ለእሷ ያለኝ ምስጋና ከቤቱ ወቀሳ ተለይቶ ይመዝገብ። ሒሳቡ ከሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስና ከ18 በመቶው ጉርሻ ጋር 192.13 ዶላር መጣ። ለአምስት ሰው፣ ለአራት ሳህን ሽንፍላ፣ ብዙ አይደለም፤ ለጠፋው 26 ደቂቃ ግን ቅር ይላል። ተመልሼ እሄዳለሁ፣ በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት፣ 22.99 ሲሆን፣ አቡሽን ከስክሪኑ አርቄ። ጃኬት ይዛችሁ አትግቡ፤ ሞራው ልብስ ላይ ይቀራል፣ የእኔ እስከ ማክሰኞ ሸትቷል።

ስንወጣ እማዬ ሽንፍላውን ከየት እንደሚገዙት ጠይቅልኝ አለችኝ። ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ በረዶ ሆኖ እንደሚመጣላቸው፣ እዚያው መንገድ ላይ ያለው የእስያ ሱፐርማርኬትም እንደሚሸጠው አስተናጋጇ ነገረችን። ሁለት ከረጢት ገዛን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እማዬ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ውሃው ሲወርድ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲወርድ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ሳይ እጇን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ጥቁሩን በቢላዋ ጀርባ ትፍቃለች፤ የፈቀችው ነጭ ሆኖ ጎን ላይ ተደርድሯል። "ታጥቧል ብለውሽ የለም?" አልኳት።

"ብለዋል" አለች፣ ቧንቧውን እየከፈተች።