የሉዊዝ ፋራንክ ኦቨርቸር፦ የትኛውን ቀረጻ እንስማ?

ፈረንሳዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ሉዊዝ ፋራንክ (1804–1875) በ1834 ለኦርኬስትራ ሁለት ኦቨርቸሮች ጻፈች፤ ኦቨርቸር በአብዛኛው የኦፔራ መክፈቻ የሚሆን ሙዚቃ ነው። አንዱ በኢ ማይነር ቅኝት፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 23፤ ሌላው በኢ ፍላት ሜጀር፣ ኦፐስ 24 ነው። እያንዳንዳቸው ሰባት ደቂቃ ገደማ ይፈጃሉ። ኦቨርቸር ቢባሉም የሚያስከትሉት ኦፔራ የለም፤ በዝግታ ከፍተው ወደ ፈጣን ክፍል የሚገቡ፣ ራሳቸውን የቻሉ የኮንሰርት ሥራዎች ናቸው።

ኢ ማይነሩን ለሚሻ ሰው ቀዳሚው ምርጫ ሎራንስ ኤኪልቤ ኢንሱላ ኦርኬስትራን እየመራች ኤራቶ ለተባለው የሙዚቃ አሳታሚ የቀረጸችው ነው። ሁለቱም ኦቨርቸሮች ከፋራንክ ሁለተኛ ሲምፎኒ ጋር አብረው ይገኙበታል።

ልዩነቱን የሚያመጡት መሣሪያዎቹ ናቸው። ኢንሱላ የሚጫወተው ሙዚቃው በተጻፈበት ዘመን በነበሩት ዓይነት መሣሪያዎች ነው። የአንጀት ክር የተወጠረበት ቫዮሊን ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ ቶሎም ይከስማል። ስለዚህ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላሪኔትና ባሱን የሚቀባበሉት ዜማ ሳይሸፈን ይሰማል። ፋራንክ እነዚህን የምታስገባቸው ቫዮሊኑን ለማድመቅ ብቻ አይደለም፤ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በዘመናዊ ኦርኬስትራ መሪው ባለክሮቹን ካላለዘበ ይህ ድርሻ ይዋጣል።

የሆርኑ፣ ማለትም የተጠቀለለ ቱቦ ያለው የናስ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ያኔ በፓሪስ የተለመደው ቫልቭ (ኖታ መቀየሪያ ቁልፍ) የሌለው ሆርን ነበር። ቱቦው በተፈጥሮው የማይሰጠውን ኖታ ለማግኘት ተጫዋቹ እጁን በመሣሪያው ሰፊ አፍ ውስጥ አስገብቶ ይደፍነዋል። የተደፈነው ኖታ ታፍኖ፣ ክፍቱ ደምቆ ይወጣል። ይህ መፈራረቅ ለኢ ማይነሩ ኦቨርቸር የጭንቀት ስሜት ትልቅ ጉልበት ይሰጠዋል። ባለ ቫልቭ ሆርን ኖታዎቹን ሁሉ እኩል ስለሚያወጣቸው ይህ ቀለም ይጠፋል።

ኦፐስ 24 ላይ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ግርማ ያለው መክፈቻው ወፈር ያለ የክር ድምፅ ይፈልጋል፤ ኢንሱላ እዚህ ትንሽ ይሳሳል። ዮሃነስ ጎሪትስኪ ከጀርመኑ የሃኖቨር ኦርኬስትራ ኤንዲአር ሬዲዮ ፊልሃርሞኒ ጋር ሲፒኦ ለተባለው አሳታሚ የቀረጸው በዘመናዊ መሣሪያ ቢሆንም እዚህ ይመረጣል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤርሊዮዝ በ1840 ይህንኑ ኦቨርቸር ሲያደንቅ እንዲህ ያለው የኦርኬስትራ ችሎታ በሴቶች ዘንድ ብርቅ ነው ብሎ ነበር። ሙገሳውን ያበላሸው ይኸው አባባሉ ነው። ሥራው ከማንም ጋር ቢነጻጸር የሚያሳፍር አይደለም።

ክሪስቶፍ ኮኒግ ናክሶስ ለተባለው አሳታሚ የቀረጸው አንደኛውን ሲምፎኒም አብሮ ለሚፈልግ ይሆናል።

በስልክ መተግበሪያ የሚሰማ ሰው በርዕሱ ብቻ ሳይሆን በኦፐስ ቁጥሩ ይፈልግ፤ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። አንዱን ትራክ ከሌላው የሚያደባልቀውን የመተግበሪያውን ማስተካከያ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የዝግታው መክፈቻ የመጀመሪያ ድምፆች በቀደመው ትራክ መጨረሻ ይሸፈናሉ። የድምፅ መጠን የሚያስተካክለውም እንዲሁ ይጥፋ፤ በአንዳንድ መተግበሪያዎች ድምፁ ዝቅ ያለበትንና ሙሉ ኦርኬስትራው የሚገባበትን ቦታ ያቀራርባል። መክፈቻው ቀጭን መስሎ ቢታይም ድምፁን አይጨምሩ፤ መጠኑን ፈጣኑ ክፍል ከገባ በኋላ ይወስኑ። የስልኩ የራሱ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛ ድምፆችን በደንብ ስለማያወጣ የቼሎው፣ የኮንትራባሱና የቲምፓኒው መሠረት ይጠፋል፤ ጆሮ ላይ የሚደረግ ጥሩ ማዳመጫ ይሻላል።