ላይሰንስ የማያሰጥ የካውንስሊንግ ማስተርስ ልትመዘገቡ ላሰባችሁ

አሜሪካ ውስጥ በአእምሮ ጤና ካውንስሊንግ ማስተርስ ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት ዓመቴ አይባክንም ነበር።

ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራም። የምዝገባ ሠራተኛዋ ስልክ ደውላ ሁለት አማራጭ ሰጠችኝ። አንዱ 60 ክሬዲት ሆኖ ለላይሰንስ፣ ማለትም ስቴቱ ለካውንስለሮች ለሚሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ የሚያበቃ ነው። ሌላው አጠር ያለ ነው፤ ላይሰንስ ግን የለውም። «ኮርሶቹ ያው ናቸው። ሥራ ስላለሽ አጭሩ ይሻልሻል። ላይሰንሱን ከፈለግሽ በኋላ ትጨምሪዋለሽ» አለችኝ። አመንኳት።

ጉድ የሠራኝ ይህ «በኋላ ትጨምሪዋለሽ» የሚለው ነው።

ከአጭሩ ፕሮግራም የተቀነሰው ጥቂት ኮርስ ብቻ መስሎኝ ነበር። የተቀነሰው ግን ዋናው ነገር ነው፤ የተግባር ልምምዱ። ካክሬፕ የሚባለው ለካውንስሊንግ ፕሮግራሞች እውቅና የሚሰጥ አካል መጀመሪያ 100 ሰዓት ፕራክቲከም (የመነሻ ልምምድ)፣ ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠይቃል። ከ600ው ውስጥ 240ው በቀጥታ ሰው በማማከር የሚሠራ ነው። የሚያለቅስ ሰው ፊት ዝም ብሎ መቀመጥን፣ ራሱን ሊጎዳ ያሰበን ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ የምትማሩት እዚያ ነው። ሱፐርቫይዘር ከጎናችሁ ሆኖ እያረማችሁ ማለት ነው። እኔ ስለዚህ ሁሉ አነበብኩ፣ ጥሩ ውጤትም አመጣሁ። አንድም ሰው ግን አላማከርኩም።

ይህን ልምምድ ከተመረቁ በኋላ ለብቻው ማግኘት በአብዛኛው ቀላል አይደለም። ልምምድ የሚሰጠው ክሊኒክ ተማሪ የሚቀበለው ከትምህርት ቤት ጋር በሚፈራረመው ውል ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ስሄድ ደግሞ ከተማርኩት የተቀበሉኝ ጥቂት ክሬዲት ብቻ ነው። ቀሪውን እንደ አዲስ ጀምሪ ተባልኩ።

ሥራ ስፈልግስ? የክሊኒክ ማስታወቂያው ሁሉ «ላይሰንስ ያለው ወይም ለላይሰንስ ብቁ የሆነ» ይላል። ክፋት አይደለም፤ ኢንሹራንስ የሚከፍለው በላይሰንስ ስለሆነ ነው። ሜዲኬር የሚባለው በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ እንኳ ለካውንስለሮች መክፈል የጀመረው ገና ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ነው። እሱም ላይሰንስ ላላቸውና ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት ወይም 3,000 ሰዓት በሱፐርቫይዘር ሥር ለሠሩ ብቻ። በብዙ ስቴቶች ያለ ላይሰንስ ራስን ካውንስለር ብሎ መጥራትም በሕግ ያስጠይቃል።

በጣም ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ለላይሰንስ ያበቃል ተብሎ የሚቀርብ ትምህርት የየትኛውን ስቴት መስፈርት እንደሚያሟላ ትምህርት ቤቶች እንዲገልጹ የፌዴራል ደንብ ከጁላይ 2020 ጀምሮ ያስገድዳል። የእኔም ትምህርት ቤት ሰንጠረዥ ነበረው፣ የስቴቶች ስም ተደርድሮ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «ላይሰንስ የማያሰጠውን ዘርፍ አይመለከትም» ይላል። ያየሁት ከተመረቅኩ በኋላ ነው።

ፕሮግራሙ ለማንም አይሆንም እያልኩ አይደለም። አስተማሪ ከሆናችሁ፣ በቤተ እምነት የምታገለግሉ ከሆነ፣ እውቀቱን ለያዛችሁት ሥራ ከፈለጋችሁት ይጠቅማል። ቴራፒስት ለመሆን የምታልሙ ግን አትሞክሩት።

ጥያቄያችሁን ለትምህርት ቤቱ ብቻ አታቅርቡ። የስቴታችሁ የካውንስሊንግ ላይሰንስ ቦርድ ጋ ራሳችሁ ደውሉ። የፕሮግራሙን ሙሉ ስም ንገሯቸውና «ይህን ጨርሼ ለላይሰንስ ማመልከት እችላለሁ?» በሉ። ስቴት የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ የሚቀጥለውንም ስቴት ጠይቁ፤ መስፈርቱ ይለያያል። «በኋላ ይቀየራል» ካሏችሁ ደግሞ የትኛው ኮርስ፣ እስከ መቼ፣ ልምምዱን ማን እንደሚያገኝላችሁ በኢሜይል ይጻፉላችሁ። በቃል የተነገረኝን ይዤ ስከራከር «እንዲህ የሚል መዝገብ የለንም» ነው የተባልኩት።

አሁን ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የመጨረሻውን ሴሚስተር አትጠብቁ። ዲግሪው ሳይሰጣችሁ ወደ ላይሰንሱ ዘርፍ መዛወር ይቻል እንደሆነ በዚህ ሳምንት አማካሪያችሁን ጠይቁ። እኔ የጠየቅኩት ዲፕሎማው በፖስታ ከደረሰኝ በኋላ ነው፤ «ፋይልሽ ተዘግቷል» አሉኝ።