የአሜሪካ ምርጫ ኮሚሽን የቅጣት ማስያ በጎጃም ሂሳብ ያዥ ዓይን

በአሜሪካ ፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ አንድ ነጻ መገልገያ አለ። የምርጫ ዘመቻ የገቢና ወጪ ሪፖርቱን ያዘገየ ወይም ጭራሹን ያላስገባ ኮሚቴ ስንት ዶላር እንደሚቀጣ ያሰላል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የፓርቲ ሂሳብ ለሚይዝ ወይም ኦዲት ለሚያስተምር ሰው ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል፤ ግን ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ለይቶ ለሚያውቅ።

ሐሳቡ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ከቀብር የቀረ፣ መዋጮ ያሳለፈ ስንት እንደሚከፍል በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ዳኛው ፊት አይቶ አይጨምርም፣ አይቀንስም (እንዲህ ነው የሚባለው)። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2000 ጀምሮ ለዘገየ ሪፖርት የሚሠራበት በዚሁ መንገድ ነው። ሰሌዳው ወጥቷል፣ ሁሉም ያየዋል፣ ዋጋው ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ ይስተካከላል። ስለዚህ የየትኛው ጊዜ ሰሌዳ እንደሆነ ሳያዩ ቁጥር መቅዳት ስህተት ነው።

ማስያው የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ሪፖርቱ ምርጫ ሲቃረብ የሚገባ ነው ወይስ መደበኛ፣ ዘግይቶ ገባ ወይስ አልገባም፣ ስንት ቀን ዘገየ፣ በጊዜው የተንቀሳቀሰው ገንዘብ ስንት ነው፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተቀጥቷል። መነሻ ቅጣቱ ላይ የቀን ቅጣቱ በዘገየው ቀን ተባዝቶ ይደመራል፤ ድምሩ ላይ ለእያንዳንዱ የቀድሞ ጥፋት 25 በመቶ ይጨመራል። ለማሳያ ያህል መነሻው 1,000፣ የቀኑ 50፣ መዘግየቱ 12 ቀን፣ የቀድሞው ጥፋት 2 ቢሆን፣ 1,600 በ1.5 ተባዝቶ 2,400 ይመጣል።

ሰው የሚሳሳተው የገንዘቡ መጠን ላይ ነው። ሂሳብ የለመደ እጅ «ከወጪ ቀሪ» ይጽፋል። የሚፈለገው ግን የገቢና የወጪ ድምር ነው። 40,000 ገብቶ 38,000 የወጣበት ኮሚቴ 78,000 ይጻፍበታል እንጂ 2,000 አይደለም፤ የቅጣቱ እርከን የሚመረጠውም በዚሁ ድምር ነው። በዓይነት የተሰጠ ነገር ደግሞ ሁለት ቦታ ይመዘገባል። በእኛ አገር ምሳሌ፣ ለቅስቀሳ ቀን ምሳ አንድ ኩንታል ጤፍ የሰጠ ደጋፊ ቢኖር ዋጋው አንዴ በገቢ፣ አንዴ በወጪ ይገባል። ጤፉን ከመዝገቡ የዘለለ ሂሳብ ያዥ ድምሩን በሁለቱም በኩል አጉድሏል።

ቀን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። የማስረከቢያው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ቢውል ወደ ሰኞ አይገፋም። በኤሌክትሮኒክስ የሚላክ ሪፖርት በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ተቀባይነት ማግኘት አለበት፤ በእኛ አቆጣጠር በማግስቱ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት መሆኑ ነው፣ እንደ ወቅቱ። ፋይሉ ተልኮ ስህተት አለበት ተብሎ ከተመለሰ እንዳልገባ ይቆጠራል። መደበኛ ሪፖርት ከ30 ቀን በላይ ከቆየ «ዘገየ» መባሉ ቀርቶ «አላስገባም» ይባላል፤ ምርጫ ሲቃረብ የሚገባው ግን ድምፅ መስጫው 4 ቀን ብቻ ሲቀረው በሩ ይዘጋል።

ለእጩ ኮሚቴዎች የ48 ሰዓት ማስታወቂያ የሚባልም አለ። ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ 20 ቀናት ውስጥ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የተቀበለ በ48 ሰዓት ማሳወቅ ግድ ይለዋል። ካላሳወቀ መነሻ ቅጣት ሲደመር የገንዘቡን 10 በመቶ ይከፍላል።

ማስያው የማያሳየው፣ ግን ከሱ ጋር መነበብ ያለበት፣ የመከራከሪያው ደንብ ነው። የኮሚሽኑ ደብዳቤ የደረሰው ኮሚቴ ለመክፈል ወይም ለመቃወም 40 ቀን አለው፤ የሚቆጠረውም ኮሚሽኑ ጥፋት አለ ብሎ ከወሰነበት ቀን ነው። «ሂሳብ ሹሙ ታሞ ነበር»፣ «ልጁ አዲስ ነው»፣ «ኮምፒውተራችን ተበላሸ»፣ «ቀኑን አላወቅንም» የሚሉት አንዳቸውም አያስምሩም። የሚያስምረው የኮሚሽኑ የራሱ ሲስተም ከወደቀ፣ ኢንተርኔት በሰፊው ከተቋረጠ ወይም ከባድ የአየር ሁኔታና አደጋ ከደረሰ ነው። ያም ቢሆን እንቅፋቱ በተነሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርቱ መግባት አለበት። መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አገር ደንብ የሚያረቅ ሰው ይህን አንቀጽ ደጋግሞ ቢያነበው ይሻላል፤ የቢሮህ ዋይፋይ መጥፋትና የከተማው ኔትወርክ መጥፋት እኩል እንዳይታዩ የሚለየው እሱ ነው።

ጉድለቱ ትልቅ ነው። ማስያው ውሸትን አይቀጣም። በሰዓቱ የገባ፣ ግን የለጋሹን ስም የደበቀ ሪፖርት እዚህ ዜሮ ነው፤ ያ በሌላና በዘገምተኛ መንገድ ይታያል። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ የሚጸናው ከስድስት የኮሚሽኑ መቀመጫዎች ቢያንስ አራት ድምፅ ሲገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ነሐሴ መጨረሻ፣ ከዚያም በ2025 ሚያዝያ መጨረሻ አባላት ጎድለው ምልዓተ ጉባኤ ሲጠፋ ማስያው ቁጥር ማውጣቱን አላቆመም፤ የሚወስን ግን አልነበረም። ሪፖርት የማስገባት ግዴታው ግን ያን ጊዜም አልቆመም።

በእኛ በኩል የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ፣ በኦዲተር የተመረመረ ሪፖርት ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የአሜሪካውን ቁጥር ወደ ብር መንዝሮ እዚህ መጠቀም አያስኬድም፤ የሚወሰደው አሠራሩ ነው። ገጹ እንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነና ኔት ሲደክም ስለማይከፈት፣ ለሥልጠና የሚፈልግ ቀመሩን ኤክሴል ላይ ቢያኖረው ይቀለዋል። አምስት ሴል ይበቃል፦ መነሻ፣ የቀን ቅጣት፣ የዘገየ ቀን፣ የቀድሞ ጥፋት፣ ውጤት። የዘገየ ቀን የሚገባበት ሴል ላይ 30 ጣሪያ ማኖር አይረሳ፤ አለዚያ ሠልጣኙ 90 ቀን ጽፎ የሌለ ቅጣት ያወጣል።