«መቶ ፐርሰንት ፒዩር ኮፐር» ብለው አሉሚኒየም ሸጡልኝ፤ አዳማ ያላችሁ ተጠንቀቁ

አዳማ ላይ የኔትወርክ ኬብል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ትንሽ ቆዩ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ከሱቁ ወጥቼ ቤት ከገባሁ ገና ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። ዓይነቱን ማለቴ ነው። መሃል ከተማ፣ መስታወቱ ውስጥ ካሜራ፣ ራውተር፣ ቻርጀርና የስልክ ከቨር እላይ በላይ የተደረደረበት። ስትገቢ «እህቴ ቁጭ በይ፣ ውሃ ይምጣልሽ»። ዋጋ ስትጠይቂ ካልኩሌተር ላይ ጽፎ ያሳይሻል። ደረሰኝ ስትይ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል፣ ምን ያደርግልሻል?» ይልሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት የቴሌ ፋይበር ገብቷል። እህቴ ደግሞ ከጎናችን ነው የምትኖረው፣ አጥር ለአጥር። ግን ሁለቱም ቤት ፎቅ ነው፣ ኮንክሪት በኮንክሪት። የእኛ ዋይፋይ እሷ ሳሎን ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል። ሁለት ቦታ ከመክፈል ከእኛ ራውተር ኬብል ስበን እሷ ጋ ሌላ ማሰራጫ እንስቀል ተባባልን። በአጥሩ ዞሮ 60 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ርቀቱ አላሳሰበንም። ማሰራጫው የሚሰቀልበት ጣሪያ ሥር ሶኬት የለም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩንም የሚያገኘው በዚያው በኬብሉ ነው።

ይህን ሁሉ ለሻጩ አንድ በአንድ ነገርኩት። ውጭ ፀሐይ ላይ የሚዘረጋ፣ ኤሌክትሪክም የሚሸከም፣ ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት ሲክስ የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ስጠኝ አልኩት። ንጹሕ መዳብ የሚለውን ደጋግሜ ነው ያልኩት፤ የሚገጥምልን ልጅ አደራ ብሎኛላ። ሻጩ ካርቶኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «መቶ ፐርሰንት ፒዩር ኮፐር። የአዳማ ፀሐይ ቀርቶ የአፋርም አይነካው» አለኝ። ካርቶኑ ላይም እንደዚያው ተጽፏል። ለክቶ ቆረጠልኝ፣ ጭኜ ላይ አድርጌ በባጃጅ ወሰድኩት።

ተገጠመ። ጠዋት ጠዋት ይሠራል። ማታ ልጆቹ ተሰብስበው ስልኩንም ቲቪውንም ሲከፍቱ ማሰራጫው ድርግም ይልና እንደገና ይነሳል። ደግሞ ድርግም። ገጣሚው ልጅ የኬብሉን ጫፎች ቆርጦ እንደ አዲስ ሠራቸው፣ ማሰራጫውንም በሌላ ሞከረ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ከተረፈው ቁራጭ ላይ ላስቲኩን ላጠና አንዷን ሽቦ በቢላ ፋቃት። ከላይ ቀይ፣ ከሥር ነጭ። አሉሚኒየም በመዳብ ተለብጦ! እንዲህ ያለው ሽቦ ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪኩን መንገድ ላይ ያባክናል። ማሰራጫው ብዙ ኃይል ሲፈልግ ጫፍ ላይ የሚደርሰው አይበቃውም፣ ኬብሉም ይሞቃል። ሲታጠፍ ደግሞ ቶሎ ይሰበራል። የካት ሲክስ መስፈርት ራሱ መዳብ ነው የሚለው፣ ልብጥ አይቀበልም። ላስቲኩም ቢሆን ለቤት ውስጥ የሚሆነው ግራጫው ነው።

ዛሬ ጠዋት ቁራጩን ይዤ ሄድኩ።

ያው ሰውዬ ነው የተቀመጠው። ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቀና ብሎም አላየው። ስልኩን እየነካካ «ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ኬብሉ አሉሚኒየም ነው አልኩት። «ማን አለ?» የሚገጥምልን ልጅ። «እሱ ምን ያውቃል።» እሺ፣ አንተው ፋቀው አልኩት። ከመሳቢያው ካተር አወጣና አንዷን ሽቦ ይዞ ላይ ላዩን፣ እንደ መዳበስ፣ አሻሻት። ቀይ። «ይኸው» አለ። አጥብቀህ ፋቀው ስለው አጠገቡ የቆመው ረዳቱ ሳቁ አመለጠውና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ያኔ ገባኝ። የሚሸጡትን አሳምረው ያውቁታል።

ካተሩን አንስቼ ራሴ ፋቅኩትና ነጩን ዓይኑ ሥር ያዝኩለት።

«ማዘር፣» አለኝ፣ «ላዩ መዳብ ነው አይደል? መዳብ አልሽ፣ መዳብ ሰጠንሽ። ቤት ወንድ የለም እንዴ? የሚያውቅ ሰው ላኪ።»

ብሬን ሲቀበል እህቱ ነበርኩ።

በዚህ መሃል አንድ ወጣት ገባ፤ ለካሜራ ኬብል ፈልጎ። ሰውዬው ከወንበሩ ተነስቶ ያንኑ ካርቶን፣ ለእኔ የቆረጠበትን፣ ጎትቶ አወጣ። መታ መታ አደረገው። «መቶ ፐርሰንት ፒዩር ኮፐር ነው ወንድሜ» አለው። ይህን ሲል ዓይኑ ልጁ ላይ አልነበረም፣ እኔ ላይ ነበር። ነጩ ሽቦ በእጄ እንዳለ!

«ልጄ፣ ፋቀውና እየው» አልኩት ወጣቱን። ረዳቱ ጣልቃ ገባ፦ «ማዘር፣ ገበያ አትዝጊብን። ደረሰኝ ካለሽ አምጪ፣ ከሌለሽ ውጪልን።» ደረሰኝ ምን ያደርግልሻል ያለኝ ማን ሆነና? ወጣቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ካርቶኑን አየ። ከዚያ «80 ሜትር ቁረጥልኝ» አለው።

ስትሄዱ ምላጭ ያዙ። ከመቆረጡ በፊት ጫፉን አጥብቃችሁ ፋቁ። ሙሉ ካርቶን፣ ማለትም 305 ሜትር፣ ስታነሱት ቀለል ካላችሁ ተውት፤ መዳብ ይከብዳል። ለውጭ የሚሆነውን ጥቁሩን ጠይቁ። ደረሰኝ ደግሞ ልመና አይደለም፣ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የነጋዴው ግዴታ ነው።

እኛ አሁን በሁለቱ ቤት መሃል ፋይበር ለመሳብ ነው ያሰብነው። ሁለት ቤት ለየራሱ ቆጣሪ ሲኖረው እሱ ይሻላል አሉን፤ ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ የክረምት መብረቅ በእሱ በኩል ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው አይሻገርም። ለማሰራጫው ግን ሶኬት እዚያው ማውጣት ግድ ነው። ያ እስኪሠራ የእህቴ ልጆች በሞባይል ዳታ ናቸው። ካርዱን የምሞላው ደግሞ እኔው ነኝ።