የካሜራ ሴንሰር ማጽጃ ኪት፦ ለጎንደር አቧራ ይበቃል?

ለጥምቀት፣ በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ግርግር መሀል ሌንስ የተቀየረበት ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) አቧራ መያዙ አይቀርም። ይህ ኪት የጎማ ማናፈሻ፣ የታሸጉ መጥረጊያዎችና ማጽጃ ፈሳሽ አለው።

ዋጋውን የሚያወጣው ማናፈሻው ነው፤ አብዛኛው አቧራ በእሱ ብቻ ይለቃል። መጀመሪያ በኤፍ 22 (በጣም በጠበበ የሌንስ ቀዳዳ) ጥርት ያለ ሰማይ፣ ፎከስ ሳይደረግ፣ ይነሳ። ነጠብጣብ ከታየ አቧራ አለ ማለት ነው፤ ምስል ሴንሰር ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ ፎቶው ላይ ከላይ ያለው ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ከታች ይገኛል። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መሀል ላይ ካለቀ ሹተሩ (የሴንሰሩ መጋረጃ) መጥረጊያው ላይ ሊዘጋ ይችላል። ከሜኑው የሴንሰር ማጽጃውን ከፍቶ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍቶ መንፋት ነው፤ የማናፈሻው ጫፍ ወደ ውስጥ አይግባ። በአፍ መንፋትማ ምራቅ መርጨት ነው።

እምቢ ላለው ብቻ መጥረጊያ፦ ሁለት ጠብታ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ፣ በመጥረጊያው ሌላኛ ገጽ መመለስ፣ ከዚያ መጣል። ፈሳሹ ከበዛ ጠርዙ ላይ ምልክት ይደርቃል።

ጉድለቱ መጥረጊያዎቹ 24 ሚሊሜትር ብቻ መሆናቸው ነው፤ ለፉል ፍሬም (ለትልቁ የሴንሰር መጠን) ልክ ናቸው፣ ለኤፒኤስ-ሲ (ለአነስተኛው) ግን 16 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። የኤፒኤስ-ሲ ባለቤት ማናፈሻውን ለብቻው ቢገዛ ይሻለዋል።