«አገር በቀል ችግኝ» እያሉ ቀብድ ለሚቀበሏችሁ ሰዎች ሳታዩ ብር እንዳትልኩ

ደጀን፣ ቢቸና፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ያላችሁ ወገኖች ይቺን አንብቡና ሼር አርጉ። ቴሌግራም ላይ «ድርቅ የሚችል፣ ውሃ የማይፈልግ አገር በቀል ችግኝ፣ ያላችሁበት እናደርሳለን፣ ከሞተ በነፃ እንተካለን» እያሉ ግማሹን ብር በቴሌብር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። አጎቴ አባይ በረሃ አፋፉ ላይ ቦረቦር የበላት መሬት አለችው፣ ከብት ከልክሎ ደን ላልብሳት ብሎ ወይራ፣ የሀበሻ ጥድና ግራር አዘዛቸው።

የመጣው ምን መሰላችሁ፣ ጥድ የተባለው የፈረንጅ ጥድ! የኛ ጥድ ገና ችግኝ እያለ ቅጠሉ እጅ ይወጋል፣ ይሄ ግን ብትዳብሱት ልስልስ ያለ ነው። ግራር ያሉትም እሾህ የሚባል ነገር የለው፣ ዲከረንስ የሚሉት ለከሰል የሚተከለው የውጭ ዛፍ ነው። ዲከረንስን እየሰደብኩ አይደለም፣ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ያለው ገበሬ በከሰሉ ቤት ሰርቶበታል፣ ግን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፣ የሚወደውም እርጥብ ደጋ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ደረቅ ቦረቦር አይደለም።

ወይራው እንኳ እውነተኛ ወይራ ነበር፣ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ ከስሩ ግራጫ። ፕላስቲኩን ስንቀደው ግን አፈሩ እንደ ዱቄት እርግፍ አለ፣ ዋናው ሥሩ ተቆርጧል፣ ቀጭን ሥር አንድም የለው። ከሆነ ጫካ ነቅለው ከተውት ነው የመጡት በቃ፣ ማለት ደን እናልማ ብለን ስንከፍል የሌላ ቦታ ደን እያስነቀልን ነው። ችግኝ ጣቢያ ያደገ ከሆነ ፕላስቲኩ ሲወልቅ አፈሩ ከሥሩ ጋር ተያይዞ አንድ ላይ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሁለቱን አስቀድዱ፣ እምቢ ካለ ሂዱ። ጥላ ስር ሆኖ በውሃ የሰባ ለምለም ችግኝም አያጓጓችሁ፣ ፀሀይና ጥም ያልለመደ ችግኝ ሜዳ ሲወጣ ወዲያው ነው የሚጠወልገው።

ሌላው ጉድ ጊዜው ነው። ሐምሌ መጀመሪያ እናመጣለን ያሉት ቡሄ ካለፈ በኋላ መጡ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባል የለ፣ ዝናቡ ሳይቆም ሥሩ ወደ ታች ካልወረደ በጋውን በምን ይችለዋል? ጥቅምት ላይ አብዛኛው ደረቀ፣ ተኩልን ብሎ ሲደውል «ውሃ አላጠጣችሁትማ» አሉት (ውሃ አይፈልግም ያለው ማን ነበር እንግዲህ!) ከዛ ብሎክ።

እኔ የምመክረው መጀመሪያ ወረዳ ግብርና ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በዘመቻ ሰሞን በነፃ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ከብት በደንብ ከተከለከለ ደግሞ ክትክታውም አጋሙም ቀጋውም ራሱ ይመጣል፣ እሱን «ቁጥቋጦ ነው» ብላችሁ አትመንጥሩት፣ ወይራን ቁጥቋጦ ጥላ ስር ስትተክሉት ባዶ ሜዳ ላይ ካለው የተሻለ ነው የሚይዘው፣ ከብትም ቶሎ አያገኘውም። ዘር ከፈለጋችሁ ቤተክርስቲያን ግቢ ያለው ያረጀ ወይራና ጥድ ስር ሞልቷል፣ ካህናቱን አስፈቅዶ መልቀም ነው፣ የወይራው ዘር ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ቶሎ አይበቅልም እንጂ።

ለነዚህ ሰዎች ብር ልካችሁ የቴሌብር መልእክቱ ስልካችሁ ላይ ካለ እንዳታጠፉት፣ ስክሪንሻቱን በውስጥ ላኩልኝ፣ ሰብሰብ ብለን አንድ ላይ እናመልክት።