ቶታል ኮማንደር ከስምንት ወር በኋላ፦ ለኤፍ3 ብቻ እንኳ ይከፈልበታል

ቶታል ኮማንደር የዊንዶውስ ፋይል ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ነው። ፋይል መቅዳቱን፣ ፎልደር ማዛወሩን፣ ስም መቀየሩን ተዉት፤ ይሠራል። ወሬው ፋይል የሚያሳየው ቁልፍ፣ ኤፍ3 ነው።

6 ጊጋ የሚመዝን የማይኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ባክአፕ፣ ማለትም ዳታው በጽሑፍ የወጣበት ፋይል፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ። ፋይሉ ላይ ቆሞ ኤፍ3 ሲጫኑ ሊስተር የሚባለው መመልከቻ ወዲያው ይከፈታል። የኤንድ ቁልፍን ሲጫኑ ደግሞ የመጨረሻው መስመር ፊት ለፊት ነው። እዚያ "ዳምፕ ኮምፕሊትድ" (ባክአፑ ተጠናቋል) የሚል ኮሜንት ከሌለ፣ ባክአፑ ሲወጣ ኮሜንት እንዳይጽፍ ካልታዘዘ በቀር መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ታስክ ማናጀር ላይ ራሙ ንቅንቅ አይልም። ሊስተር ፋይሉን ሜሞሪ ላይ አይዘረግፍም፤ የሚታየውን ቁራጭ ብቻ ያነብና ወደ ታች ሲወርዱ ቀጣዩን ያመጣል።

ኮምፒውተር ሻጩ ግን "ራሙን 16 አድርገው" ይላል። ጌታው፣ ፋይሉ ነገ 20 ጊጋ ሲሆንስ? ችግሩ ያለው ሁሉንም ካልጫንኩ በሚለው ፕሮግራም ላይ ነው። ጣት ተንሸራትቶ ፋይል ለማረም የሚከፍተውን ኤፍ4 ቢነካ ይታያል፦ ካልተቀየረ በቀር ኖትፓድን ይጠራል፣ ኖትፓድም ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ብሎ እምቢ ይላል።

በዚህ ዓይነት ባክአፕ ብዙ ረድፍ በአንድ ኢንሰርት (ዳታ አስገቢ ትእዛዝ) ስለሚታጨቅ አንዱ መስመር እስከ 1 ሜጋባይት ይረዝማል። ደብልዩን ሲጫኑ ይታጠፋል። 3 ሄክሱን (የፋይሉን ባይቶች በቁጥር) ያሳያል፣ 1 ወደ ጽሑፉ ይመልሳል። በኤፍ7 መፈለግ ግን ተአምር የለውም፤ ቃሉ እስኪገኝ ዲስኩ መነበቡ አይቀርም። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ለ6 ጊጋ አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

የሚያናድደው ዚፕ ነው። ዚፕ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ኤፍ3 ሲጫኑ መጀመሪያ ሙሉውን ቴምፕ (ጊዜያዊ) ፎልደር ውስጥ ይፈታዋል፤ የተጨመቀ ፋይል መሃሉ ላይ ዘሎ አይነበብማ። ቴምፕ ያለበት ድራይቭ 6 ጊጋ ባዶ ቦታ ከሌለው እዚያው ያበቃል። ሊስተር ላይ ከውጭ የሚጨመሩ ፕለጊኖችም (ተጨማሪ መመልከቻዎች) ሊያናድዱ ይችላሉ፤ ፋይሉን እንዴት እንደሚጭኑ የሚወስነው የሠራቸው ሰው ነው፣ ሊስተር አያዝባቸውም።

ያልከፈለ ሰው ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር 1፣ 2 ወይም 3 ተጫን ይባላል። ስምንት ወር ሙሉ 1፣ 2፣ 3 ከመቁጠር መክፈሉ ይሻላል፤ ተከፍሏል፣ አይቆጭም።